የስምንተኛው ጉድጓድ ቦታ

ለመንደሩ ሕዝብ ሁሉ ይፋ ይሁን፤ ሐሙስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የጎልፍ ሜዳው ሣር ይታጨዳል።

ማስታወቂያውን የክለቡ ፕሬዚዳንት ዶን ፕላሲዶ ፈርመውበታል፤ ማኅተምም አርፎበታል። ሣሩ በየሐሙሱ መታጨድ ከጀመረ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ማስታወቂያ ወጥቶለት ግን አያውቅም። ነገሩ ወዲህ ነው፦ በዚያ ቀን ስመ ጥሩው የጎልፍ ተጫዋች ኤቫሪስቶ ወደ ትውልድ መንደሩ መጥቶ ሊጫወት ነው።

ሣር አጫጁ ሌዎንሲዮ ወረቀቱን አነበበና «እኔን ምን ቸገረኝ» አለ። ማንም ምንም አልጠየቀውም ነበር።

እሱና ኤቫሪስቶ በልጅነታቸው የሀብታሞችን የጎልፍ ዱላ ከረጢት አብረው ተሸክመዋል፤ ባሕሩ ሲሸሽም አሸዋው ላይ በአንድ ዝገታም ዱላ ተፈራርቀው ተጫውተዋል። ያኔ አሸናፊው ሌዎንሲዮ ነበር። የፕሮፌሽናልነት ፈተናው ሲደርስ ኤቫሪስቶ ወደ ማድሪድ ተሳፈረ፤ ሌዎንሲዮ ግን «ወገቤን» ብሎ ቀረ። ወገቡ ከዚያ ወዲህ አልተሻለውም። የጋዝ ሲሊንደሩን ሦስተኛ ፎቅ የምታወጣው ሚስቱ ካሲልዳ ናት። በሐምሌው የባሕር በዓል የማርያም ሐውልት በወንዶች ትከሻ ወደ ጀልባ ሲወርድ እሱ ከኋላ ሻማ ይዞ ይከተላል። መንደሩም «ምን ይደረግ፣ ወገቡ ባይሆን ኖሮ…» እያለ ከንፈር ይመጥለታል።

ኤቫሪስቶ ስዊዘርላንድ ላይ አሸነፈ። «ነፋስ በሌለበት አገርማ እናቴም ታሸንፋለች» አለ ሌዎንሲዮ። አየርላንድ ላይ አሸነፈ። «ሌሎቹን ጉንፋን ይዟቸው ነው።» የዋንጫው ፎቶ መጠጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ወንበሩን አዞረ፤ ሰርዲኑን እስከ ዛሬ ድረስ በሩን እያየ ይበላል።

ኳሷ የምትገባበት ጉድጓድ በየማለዳው የት እንደሚቆፈር የሚወስነው ሣር አጫጁ ነው። ሐሙስ ዕለት ሌዎንሲዮ ስምንተኛውን የቁልቁለቱ አፍ ላይ ቆፈረው፤ ኳስ ቀርቶ ዝንብ የሚያዳልጥበት ቦታ።

መንደሩ ሁሉ በአጋጣሚ እዚያ ተገኘ። ዓሣ ሻጯ ውሻዋን ልታናፍስ ነው የመጣችው፤ ውሻ ግን የላትም።

ኤቫሪስቶ ጉድጓዱን ገና ሲያየው ሳቀ። «የማን እጅ እንደሆነማ አላጣሁትም! ሌዎን፣ አንተ ሰይጣን፣ ቅናቱ አሁንም አለቀቀህም?»

«በምንህ ልቅና? በመላጣህ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ኤቫሪስቶ መታ፤ ኳሷ ጉድጓዱን አልፋ ቁልቁል ወረደች። ደገመ። ሠለሰ። በሦስተኛው ዶን ፕላሲዶ ደመናውን ማየት ጀመሩ።

«ቦታው ነው» አለ ኤቫሪስቶ፣ እጆቹን ኪሱ ከትቶ። «እዚህ ማንም አያስገባም።»

ሌዎንሲዮ ሃያ ስድስት ዓመት የጠበቀው ይህንን ነበር። ዝም ቢል ይበቃው ነበር።

«ማንም?» አለ።

«ተው አንተ ሰውዬ፣ ወገብህን!» ካሲልዳ እጅጌውን ያዘችው።

አመለጣት። የኤቫሪስቶን ዱላ አነሳ፤ ጀርባውን ለጉድጓዱ ሊሰጥ ምንም ሳይቀረው ወደ ዳገቱ አነጣጠረና በቀስታ ገፋ። ኳሷ ወጣች፣ አመነታች፣ ዞረች፤ ከዚያም እንደ ተጠራች ድመት መጥታ ገባች።

ማንም ገና ሳያጨበጭብ ሌዎንሲዮ እየሮጠ ደረሰ። ጉልበቱን ሳያጥፍ ከወገቡ እጥፍ አለና ኳሷን አወጣ፤ ቀጥ ብሎም ወደ ሰማይ ወርውሮ ቀለባት።

ዞር ሲል ከካሲልዳ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨ።