በርበሬ የነካው ማር

መምህር ወንዳወቅ ሰሌዳው ላይ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ጻፈ፤ አዳፕት እና አዶፕት። «ልዩነታቸውን ከየቤታችሁ በምሳሌ ይዛችሁ ኑ» ብሎ ወጣ። የቡሬ ዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ግራ ገባው። መንታ ልጆች እንኳ እናታቸው ትለያቸዋለች፤ እነዚህን ማን ይለያቸው?

ከተማሪዎቹ አንዷ አደይ መዝገበ ቃላት ተውሳ ብታይ ጭራሽ ባሰባት። አዳፕት መላመድ ነው ይላል፤ አዶፕት የሌላ ሰው ልጅ ወስዶ የራስ ማድረግ። እሷ ወላጆቿ ሲሞቱባት በአራት ዓመቷ ከሽንዲ መጥታ እናኑ ከምትባል ሴት ቤት ያደገች ናት። ጎረቤቱ «እንዴት ለመደች» ሲላት እንጂ «የእናኑ ልጅ» ሲላት ሰምታ አታውቅም። ታዲያ እሷ የትኛዋ ናት? የቤት ሥራውን ትታ ይኸኛውን ልትጠይቅ ወጣች።

እናኑ ደጅ ተቀምጣ በርበሬ ትቀነጥሳለች።

«እታለም፣ እኔን በወጉ የጡት ልጅ አድርገውኛል?» አለቻት አደይ።

«ማን ምን አለሽ?»

«ማንም። የትምህርት ቤት ነገር ነው።»

እናኑ የያዘችውን ዛላ አስቀመጠች። «ቄስ ገብረሰንበትና ሽማግሌዎቹ ባሉበት፣ እንደ ወጉ አውራ ጣቴን ማር ቀብቼ ሰጠሁሽ። ብትጠቢው እንደ ወለድሁሽ ተቆጥረሽ የጡት ልጄ ነበርሽ። ጮኸሽ ተፋሽው፤ ጣቴንም ነከስሽው። ሽማግሌዎቹም ‹አልፈቀደችም፤ ትልመድና ሌላ ቀን› ብለው ተነሡ።»

«ሌላ ቀንስ?»

«ያን ዕለት በርበሬ ስቀነጥስ ነበር የዋልሁት። እጄን በቅጡ አልታጠብሁም። ኋላ ዓይኔን ባሸው ሲፈጀኝ ገባኝ። የቡሬ ሴት ሕፃን በበርበሬ እጇ አጠባች ይበሉኝ? አፍሬ ሽማግሌዎቹን መልሼ ሳልጠራ ቀረሁ። እያደርማ ያልወለድሁሽ መሆኔም ተረሳኝ።»

አደይ ትሳቅ ወይ ታልቅስ አላወቀችም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እምቢ ያለችው እሷ ናት ማለት ነው? ወይስ በርበሬው? ነገ ለመምህሩ የትኛውን ቃል ይዛ እንደምትቆም ጨርሶ ጠፋት።

እናኑ ተነሥታ እጇን በሳሙና ታጠበች፤ ደግማ ታጠበች። ከጓዳ ማር አምጥታ አውራ ጣቷን ነከረች። «እምቢ ብትይም ዘመኑ የመብት ነው» አለች ጣቷን እየዘረጋችላት።

አደይ የክፍል ጓደኞቿ እንዳያዩዋት ወደ አጥሩ ገልመጥ አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጠባች።

«ያቃጥላል እንዴ?» አለች እናኑ ፈራ ተባ እያለች።

«የለም» አለች አደይ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች፤ «ይጣፍጣል።»