ባዶው ዕቃ የቆጠረው

ከንፋስ መውጫ ከተማ ከፍ ብሎ ካለው ሜዳ ላይ አንድ ነጭ ኮንቴይነር ተቀምጧል፤ እኔ ክንዱ ዘበኛው ነኝ። ውስጡ ያለው መሣሪያ ቀን ከሌት አየር ይስባል። አንዱ አገር ከመሬት በታች የኑክሌር ቦምብ ቢሞክር፣ ዜኖን የሚሉት ጋዝ በስንጥቅ ሾልኮ በነፋስ ይጓዛል፤ መሣሪያው እሱን ለቅሞ ይቆጥራል። ይህን ያስረዳችኝ ሕሊና ናት፤ የአርብ ገበያ ልጅ፣ የመሣሪያው ባለሙያ። መጀመሪያ ስትመጣ፣ ይቺ ጭራሮ ናት ይህን ሁሉ ብረት የምታዝ ብዬ ስቄ ነበር። ምላሴን በቆረጠው።

ሦስት ወር ለካች። ሐሙስ አለቃዋ ዶክተር ተስፋሁን ከአዲስ አበባ መጥተው ቁጥሩን ሊያዩ ነው። ቁጥሩ ከታመነ ጣቢያው ይጸናል፣ ካልታመነ ይነቀላል። የእሷም የእኔም እንጀራ እዚያው ነው።

ማክሰኞ ጋዙን አስወጥታ ባዶውን መለኪያ ዕቃ ብታስቆጥረው፣ መሣሪያው ጋዝ አለ አላት። ደጋግማ ሞከረች፤ ያው ነው። ለካስ ጋዙ ወደ ዕቃው ግድግዳ እየሰረገ ይቀራል፤ ቅቤ የኖረበት ቅል ቢታጠብም ቅቤ ቅቤ እንደሚለው። የትናንቱ በዛሬው ላይ ሲደመር ከርሟል።

ፈራሁ፤ አልዋሽም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አልኳት። ጣቢያው ይጽና፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ታርሚዋለሽ ብዬ ለመንኳት።

"ጋሽ ክንዱ፣ በዚህ ቁጥር ያልፈነዳውን ፈነዳ ብንልስ? ያላደረገ አገር ቢወነጀልስ?" አለችኝ።

ሐሙስ ዶክተሩ ገና ሳይቀመጡ ነገረቻቸው። "ባዶውን አስቀድሜ መለካት ነበረብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።" አንገቷን አልደፋችም። ከእንግዲህ ከእያንዳንዱ ልኬት በፊት ባዶው ተቆጥሮ እንደሚቀነስ አሳየቻቸው፤ ያለፈው ግን ባዶው ስላልተለካ አይታረምም። ዶክተሩ መዝገቡን አገላብጠው አዩና ጣቢያው አንድ ዓመት እንዲሰነብት፣ ልኬቱም ከሀ እንዲጀመር ፈቀዱ። የሦስት ወር ልፋቷን በገዛ እጇ ሰረዘችው።

በር ላይ ቆሜ አየኋት። ኮራሁባት፤ ቀናሁባትም። በጎልማሳነቴ በእጄ የጻፍኩትን የዜማ መጽሐፍ፣ ድጓዬን፣ ይዤ የድጓ መምህራን ወደሚያስመሰክሩበት ጉባኤ ቤት፣ ወደ ቤተ ልሔም፣ ገብቼ ነበር። የኔታ የዜማው ምልክት ስቷል፣ ፍቀህ ጻፈው አሉኝ። የአራት ዓመት ድካሜን እንዴት ልፋቀው ብዬ ሳልሰናበት ወጣሁ። መጽሐፉ እስከ ዛሬ ቤቴ አለ። በሰው ፊት ግን አንድም ቀን ገልጬው አላውቅም።