ባል ያረጋገጠው ሕመም

ካርድ አውጪዋ የታካሚ ካርድ ገልጣ እንድታነብ አይፈቀድላትም። ሥራዋ ካርዱን ከመደርደሪያ አውርዳ፣ ቁጥሩን አመሳክራ፣ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ማድረስ ነው። አሥራ አራት ዓመት ደንቡን አክብራ ኖራ አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ጣሰችው። የገለጠችው የራሷን ካርድ ነበር፤ ምነው እጄን በቆረጠው አሰኛት።

ወገቧን ካመማት ስድስት ዓመት አልፎታል። ሕመሙ ከወገቧ ይነሳና በግራ ታፋዋ እየጋለ ወርዶ ባቷ ላይ ይሰፍራል። መሰላል ላይ ወጥታ የላይኛውን መደርደሪያ ስትነካ ዓይኗ ይጨልማል። ሰሞኑን ደግሞ የግራ እግሯ ጣቶች እየደነዘዙ ነው፤ ጫማዋ ወልቆ ሦስት እርምጃ ካለፈች በኋላ ነው የምታውቀው። እግሬ ሊቀር ነው ብላ ፈርታለች። የምትፈልገው አንዲት ወረቀት ብቻ ነበረች፤ የኤምአርአይ ማዘዣ።

ለዚህች ወረቀት አሥራ አንድ ጊዜ ሐኪም ዘንድ ገብታለች። መጀመሪያ የገባች ቀን አልቅሳ ነበር። ካርዱ ላይ «ታለቅሳለች። ጭንቀት» ተብሎ ተጽፏል። እንባ እንደማያዋጣ ስለገባት በሌላ ቀን ጥሩ ልብስ ለብሳ፣ ከንፈሯን ቀብታ፣ ሕመሟን በእርጋታ አስረዳች። «ተኳኩላ መጥታለች። ከባድ ሕመም ያለባት አትመስልም።» እንግዲህ ምን ሆና ትቅረብላቸው? ሰውዬው እኮ የመረመረው ሊፕስቲኳን ነው! አንዱ ደግሞ ብትወልጂ ይለቅሽ ነበር ብሏት ነበር። ወልዳ ስትመለስ፣ ሌላው ይሄማ ከወሊድ የመጣ ነው አላት። ዓይናቸውን በጨው አጥበው!

ሹፌሩ ባሏም አንድ ሰሞን ወገቡ ተይዞ ነበር። አስነጠሰና ቀጥ ብሎ ቀረ። ካርዱን አውጥታ ለዚያው ሊፕስቲክ መርማሪ ያደረሰችው እሷ ራሷ ናት። በሦስተኛው ቀን ኤምአርአይ ተነሳ፣ መርፌ ተወጋ፣ የሃያ ቀን እረፍት ተጻፈለት። ደንቡን አንዴ ጥሳለችና የሱንም ካርድ ገለጠችው። «ታካሚው ከፍተኛ ሕመም አለበት» ይላል። ማን ጠይቆት፣ ማን ተጠራጥሮት!

በማግስቱ ያው ሐኪም የተጠቀለለ ፖስተር ይዞ መስኮቷ ጋ መጣ።

«እህቴ፣ ይቺን እዚህ ለጥፊልኝ። ሕዝቡን ማንቃት አለብን።»

ዘረጋችው። አንድ ሰውዬ ወገቡን ይዞ ቆሟል፤ ከሥሩ «የቆየ ሕመም ችላ አይባልም። ይናገሩ!» ይላል። አራቱንም ማዕዘን በፕላስተር አጣበቀችው።

ይህን ሁሉ ቆማ ስታይ የነበረችው የጽዳት ሠራተኛ ሐኪሙ ሲሄድ ጠጋ አለቻት።

«አንቺ ሞኝ፣ ባልሽን ይዘሽ ግቢ። እኔ የኩላሊቴን መድኃኒት ያገኘሁት እንደዚያ ነው። ወንድሜን አቆምኩት፣ አለቀ።»

ካርድ አውጪዋ ነገሩ ቢያስጠላትም፣ በሳምንቱ ባሏን ይዛ ገባች። ሐኪሙ ወንበር የሳበው ለሱ ነው።

«ቤት ውስጥ እንዴት ናት?»

«ኧረ ዶክተር፣ ተወኝ! ልብስ ማጠብ እንኳን አቅቷታል። ሸሚዜን የምተኩሰው እኔ ነኝ።»

«ውይ! እንዲህ ደርሷል?»

ብዕሩ ሮጠ። በመስኮቱ በኩል የካርድ ቁጥር በተገላቢጦሽ ማንበብ ለምዳለችና የጻፈውን ከወንበሯ ሆና አነበበችው። «ባለቤቷ ሕመሙን አረጋግጧል። ኤምአርአይ ይነሳ።» ስድስት ዓመት ስትለምነው የኖረችው ወረቀት በአንድ ሸሚዝ ተገኘ።

ኮሪደሩ ላይ ባሏ ደስ ብሎት ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «አየሽ? አነጋገር ማወቅ ነው!» ክፉ ሰው አይደለም፣ ይወዳታል። እሷን ግን በዚያች ቅጽበት የእጁ ሙቀት ሳይቀር ቀፈፋት። ወረቀቱ ስለሚያስፈልጋት ጥርሷን ነክሳ «አመሰግናለሁ» አለችው።

ኤምአርአዩ ተነስቶ ውጤቱን ያነበቡላቸው ሌላ ሐኪም ናቸው፤ ሸበቶ ቀዶ ጠጋኝ። ፊልሙን ወደ ብርሃኑ አንስተው ካዩት በኋላ ፊታቸውን ቋጠሩ፤ ንግግራቸውም ከባሏ ጋር ሆነ።

«ነርቩ ከተጨፈለቀ ዓመታት አልፈውታል። ቀዶ ጥገናው ሕመሙን ይቀንስላት ይሆናል፤ እግሯ ግን እንደ ድሮው አይሆንም። ምነው ልጄ፣ ቀደም ብለህ ብታመጣት?»



«እኔን ይጠይቁኝ» አለች ካርድ አውጪዋ። አላለቀሰችም። «አሥራ አንድ ጊዜ መጥቻለሁ። ብቻዬን፣ በዚሁ እግሬ። አሞኛል ብዬ ነግሬያለሁ።»

ቀዶ ጠጋኙ ብዕራቸውን አንስተው ወደ ባሏ ዞሩ።

«እውነቷን ነው?» አሉት።