ለጎረቤት ጉልበት የታደለ ክኒን

ጥሩነሽ በአማን ከተማ ገበያ ኮረሪማ ስትሰፍር ጣቶቿ ጣሳው ላይ ክርችም አሉ። ደንበኛዋ ከድር ጣሳውን ሳበ፤ ንቅንቅ አላለም። ሁለት ባጃጅ ቢጎትተውም አይላቀቅም ነበር።

"ኮረሪማውን ሸጠሽ ጣሳውን ልትነፍጊኝ ነው እንዴ?"

"አትሳቅ ከድሬ፤ ከንፈሬም ላይ ከትናንት ጀምሮ ጉንዳን ይሄድብኛል።"

የከድር ሳቅ ጠፋ። ባሏን ታፈሰን ጠርቶ፣ ከነጣሳዋ ባጃጅ ላይ ጭነው ሆስፒታል አደረሷት።

እንቅርቷ በቀዶ ጥገና ከወጣ ገና አሥራ ሁለት ቀኑ ነው። ተራ እንቅርት እንዳይመስላችሁ፤ ዝናው ከሸኮ እስከ ቱም የተሰማ፣ ሻርፕ አልበቃው ብሎ ጋቢ የሚጠመጠምለት ነበር።

ነርሷ ትሕትና ደሟን አስመርምራ መጣች። "ካልሲየምዎ በጣም ወርዷል። ከእንቅርቱ ጀርባ ያሉት ትንንሽ ዕጢዎች ገና አላገገሙም፤ እስከዚያ ሥራቸውን የሚሠራላቸው ክኒኑ ነው። መቶ ፍሬ ሰጥተንዎት የለ? የት ገባ?"

በጥሩነሽ ፋንታ ታፈሰ መለሰላት፦

"ሰፈር ውስጥ ነው። ለአጥንት ይጠቅማል ሲባል ሰማች፤ ሊጠይቃት የመጣ ሁሉ ጉልበቱን እያሸ ገባ፣ ክኒን ጨብጦ ወጣ። የቀረው የጎረቤት አህያ ብቻ ነው።"

"አህያው አልጠየቀኝማ!" አለች ጥሩነሽ።

ትሕትና ሳቋን ዋጠች። "እትዬ፣ ዛሬ ጣትዎ ነው፤ ነገ ልብዎ ቢሆንስ? ከምግብ ጋር፣ በቀን ሦስቴ፣ ራስዎ ይዋጡት።"

መድኃኒቱ በደም ሥሯ ቀስ እያለ ሲገባ ጣቶቿ አንድ በአንድ ተፈቱ። ጣሳው ወለሉ ላይ ሲወድቅ ሚዛን ተፈሪ ከተማ በሙሉ ሳይሰማው አልቀረም።

በማግስቱ ጥሩነሽ ቤቷ ቁጭ ብላ ቅቅል ጎደሬ ስትልጥ ጎረቤቷ እትዬ በየነች ገቡ። ሰላምታቸው ሳያልቅ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጉልበታቸውን አሳዩ።

"ያቺ ነጯ ክኒን እኮ ተአምር ናት ልጄ! ባለፈው እሑድ ምርኩዜን ረስቼ ነው ከቤተ ክርስቲያን የተመለስኩት። አንዲት ብቻ?"

ጥሩነሽ ከተወለደች ጀምሮ እምቢ የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ከሆስፒታል የተሰጣትን አዲሱን የክኒን ዕቃ ከፍታ አንዲት ክኒን መዳፏ ላይ ጣለች። እትዬ በየነች እጃቸውን ዘረጉ።

ጥሩነሽ ክኒኗን አፏ ውስጥ ከተተች፤ ውሃ ጠጣችበት። ክዳኑን ጥብቅ አድርጋ ዘጋችና ዕቃውን ብብቷ ውስጥ ሸጎጠችው።

ከዚያ ሳህኑን ወደ እሳቸው ገፋ አደረገች። "ጎደሬውን ይብሉ፣ እትዬ። ትኩስ ነው።"