የግራው ክንፍ

"ምላጩን አስቀምጪ! ሥራዬን አትንኪብኝ ብዬሻለሁ!"

ልብስ ሰፊዋ ምላጩን መልሳ አስቀመጠች። ባሏ የስፌት ጠረጴዛዋን ከወረሰ ሦስት ሳምንት ሆነው። መቀሷና ክሮቿ ወደ አልጋ ተሰደዋል። ጠረጴዛውን የፎም ቁራጭ፣ የሙጫ ቱቦ፣ ማስመሪያ፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ሞተር፣ ባትሪና ሪሞት ሞልቶታል። ሃያ ስድስት ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው በስተርጅና የሪሞት አውሮፕላን ሠሪ ሆነላችሁ!

ነገሩ ግን ጨዋታ አልነበረም። ከአራት ወር በፊት ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ሆስፒታል ከርሞ ነው የወጣው። አሁን ይራመዳል፣ እንደ ድሮው ይቀልዳል። ሐኪሙ "ትንሽ ይቆይ" ቢልም፣ የልጅነት ጓደኛው፣ ባለ አውቶቡሱ፣ ሾፌር አጥቶ ተቸግሯል።

"ሐኪሙን ተይው እህቴ" ብሏታል። "አብረሽው የምትኖሪው አንቺ ነሽ። ይነዳል ካልሽኝ ሰኞ ቁልፉን እሰጠዋለሁ።"

ባሏ ይህን ሲሰማ፣ "ዓይኔም እጄም ደህና መሆኑን አሳይሻለሁ!" ብሎ ንድፍ ከስልኩ ቀድቶ የመጀመሪያ አውሮፕላኑን ጀመረ። እሷም ከእሱ ብሳ ጓጓች። ቤት መዋል እየገደለው እንደሆነ በዓይኗ እያየች እንዴት አትጓጓ!

"ነይ እይ! አለቀ!" አለ ድንገት። "አሁንስ ምን ትያለሽ?"

ቀረብ ስትል ልቧ ስንጥቅ አለ። ሁለቱም ክንፎች የቀኝ ናቸው። በግራ በኩል ያለው ክንፍ ወፍራሙ የፊት ጠርዙ ወደ ጭራው ዞሯል። ልብስ ስፌት የጀመረ ሁሉ አንድ ቀን ይህን ይሠራል፤ ንድፉን ሳይገለብጥ ቆርጦ ሁለት የቀኝ እጅጌ ታቅፎ ቁጭ ይላል። እሷም በጊዜዋ ተሰድባበታለች። የጀማሪ ስህተት ነው ብላ ራሷን አጽናናች።

"እስቲ ግራውን እየው" አለችው።

የቀኙን ክንፍ በጣቱ ዳሰሰ። "ምን ሆነ? ልስልስ ያለ ነው።"

"እሱን አይደለም፤ ግራውን።"

"አየሁት እኮ አንቺ ሴት! ያምራል!"

የግራው ክንፍ ሙጫ እንኳ አልነካውም። በአንዲት ስፒል ተንጠልጥሏል።

ያን ጊዜ ከሳህኑ በግራ በኩል የሚተርፈው ምግብ ትዝ አላት። ጠገብኩ ይላል፤ ሳህኑን ስታዞርለት ግን ጠራርጎ ይበላል። ግራ ትከሻው ከበሩ መቃን ጋር ሲጋጭ ደግሞ በሩን ይረግማል። ለካ በግራው በኩል ያለ ነገር ለእሱ የለም። ወይ አለማስተዋል! ይህን ሁሉ እያየች አላየችም።

አውሮፕላኑን አዞረችው። የግራው ክንፍ በባሏ ቀኝ በኩል መጣ። አሁን ገና አየው፤ ፊቱ ተለዋወጠ።

"ማነው ይህን ያበላሸው?" ቀና ብሎ አፈጠጠባት። "በሞቴ፣ አንቺ ነሽ አይደል? ቤት ተጎልቼ እንድቀር ነው የምትፈልጊው!"

"አልነካሁትም።"

"ታዲያ ማን ነካው? ሰይጣን?"

አውቶቡሱን አሰበች፤ ልጅ አዝላ ከግራ በኩል መንገድ የምታቋርጥ ሴት አሰበች። ይህ ሰው መሪ ካልጨበጠ ከሰው በታች የሆነ ይመስለዋል፣ ያንን ታውቃለች። ከጨበጠ ግን የሚሞተው ሌላ ነው።

ስልኳን አነሳች። ጓዳ ገብታ ለባለ አውቶቡሱ በሹክሹክታ ልትናገር፣ ኋላም "ማን ነገረው?" ሲላት "እኔ እንጃ" ልትል አሰበች። ግማሽ መንገድ ሄዳ ተመለሰች። ወንበር ስባ በሚያያት በቀኙ በኩል ተቀመጠችና ደወለች።

"አቤት እህቴ! ሰኞ ይግባ?" አለ ባለ አውቶቡሱ።

ባሏ ዓይን ዓይኗን እያየ፣ "ይግባ በይው እንጂ! በይው!" ይላል።

"አይነዳም ወንድሜ" አለች። "ሐኪሙ አይደለም ያለው። እኔ ነኝ።"