ሽማግሌ ያስመጣ የእግር ጉዞ

ከባሌ ከጉግሳ ጋር አልተጣላሁም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ግማሹ የካምፓላ ሐበሻ "ተጣልታለች" ብሎ ስለደመደመ ነው።

ኪሰንዪ በሚባለው የከተማው ሰፈር ምግብ ቤት አለን። ወሬው በተነሣበት ዓመት መብራት አንድ ቀን በርቶ አንድ ቀን ይጠፋ ነበር። ጄኔሬተሩ ጆሮዬ ሥር ያጓራል፣ ደንበኛ ይጮኻል፣ አከራዩ ይነዘንዛል፤ እኔም በተራዬ ሁሉም ላይ እጮኻለሁ። አንድ ቀትር ላይ ዓይኔ ጨለመብኝና ወደቅሁ። ክሊኒክ ያየችኝ ሐኪም ደም ብዛት ነው አለችኝ። ኪኒን ሰጠችኝና ጠዋት ጠዋት በእግርሽ ሂጂ፣ ስትሄጂም ስለ ሥራ አታስቢ ብላ መከረችኝ። እህቴን የቀበርኩት በዚሁ በሽታ ነው፤ ሁለተኛ እስኪነገረኝ አልጠበቅሁም።

ጎህ ሲቀድ እየወጣሁ እዚያው አቅራቢያ ያለውን የሜንጎን ቤተ መንግሥት አጥር እዞር ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ሄደች እንዳይሉ ነጠላ አልለበስኩ፤ ገበያ ሄደች እንዳይሉ ዘንቢል አልያዝኩ። እኛ ዘንድ ደግሞ ሰው ያለ ጉዳይ አይሄድም። ስለዚህ ባሏን ሸሽታ ነው ተባለ።

አንድ እሁድ የሐበሻው ሽማግሌዎች ጋሽ ታፈሰና ጋሽ ሚልኪያስ ሊያስታርቁን መጡ። ጉግሳ አፍሮ አንገቱን ደፋ።

"ልጄ፣ ምን በደለሽ?" አሉኝ ጋሽ ታፈሰ።

"ምንም።"

"ታዲያ ለምን ትዞሪያለሽ?"

"ላለመሞት።"

ተያዩ። ጋሽ ሚልኪያስ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና "ለጤና ከሆነ ግቢሽ ውስጥ ዙሪ። ባልሽን ሰው አፍ አታስገቢው" አሉ።

ጉግሳም ቀና ብሎ "በቃ ተይው፣ ያለሜ። ለእኔ ስትይ" አለኝ።

ያኔ ነደደኝ። "ለአንተ ስል አይደል የወደቅሁት!" አልኩት። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርኩ። "ብሞት ቀብሬ ላይ ትገኛላችሁ። ልኖር ስሄድ ነው ነውሩ? ሰው ያውራ! ውሻ ይጮኻል..." የተረቱን ቀሪ ሽማግሌ ፊት መጨረስ ነውር ነውና ግመሉን ዋጥኩት።

ተማከሩና ፈረዱ። ወይ ትተወው፣ ወይ ባሏ አብሯት ይሂድ፤ ብቻዋን ግን አትታይ።

"ይምጣ" አልኩ። "እኔ ግን ቆሜ አልጠብቅም።"

በማግስቱ ጫማዬን ሳስር ጉግሳ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቶ ነበር። ትቼው ወጣሁ። አጥሩ መታጠፊያ ላይ ስደርስ ከኋላዬ የሚያለከልክ ሰው ሰማሁ።

"ያለሜ! ቀስ በይ፣ ልቤ ልትወጣ ነው!"

"እንዳትወጣ ነው የሚኬደው!" አልኩት። እርምጃዬን አልቀነስኩም።