ጅራቱ የተቀደደው ካርፕ

እንግዳን በምግብ የሚያታልል ሰው፣ ለማሳመኛ ያቆመው ምስክር ራሱ ይመሰክርበታል።

ዝዴንካና ባሏ ቦሁስላቭ በታኅሣሥ ብርድ ወደ ፕራግ የመጡት፣ ከጽኑ ሕመም የተነሣው ቦሁስላቭ እንደ ልጅነቱ ከገንዳ ከነሕይወቱ የወጣ፣ ካርፕ የተባለውን የገና ዓሣ መብላት ስለ ተመኘ ነበር። ድልድዩንና የአደባባዩን ሰዓት ተመልክተው አንድ ምግብ ቤት ደረሱ። ባለቤቱ ራዲም ደጃፉ ላይ ካለው ገንዳ ጅራቱ የተቀደደ ካርፕ በመረብ አውጥቶ አሳያቸውና ይዞት ወደ ጓዳ ገባ።

ጥብሱ ሲቀርብ ቦሁስላቭ በደስታ ጎረሰ። ዝዴንካ ግን አጥንት ፈልጋ አጣች።

«ቆይ አንተ! ካርፕ ያለ አጥንት የት አገር ነው የሚዋኘው?»

«አንቺ ደግሞ! ለገና እንኳ መጠርጠር አትተይም?» አላት ባሏ።

«አጥንቱን ለቅሜልዎት ነው፣ እናቴ» አለ ራዲም እየሳቀ።

«በየገናው አጥንት የሚያንቀኝን ሴትዮ ነው የምትሸነግለው?»

ተነሥታ ወደ ደጅ ወጣች። ጅራቱ የተቀደደው ካርፕ ገንዳው ውስጥ ተመልሶ ይዋኛል። ባሏን ጠርታ አሳየችው፤ ቦሁስላቭም ዳግመኛ አልጎረሰም።

ዝዴንካ የጠራቻቸው የገበያ ተቆጣጣሪዎች ከጓዳው ማቀዝቀዣ አጥንቱ የወጣ፣ የከረመ የባሕር ዓሣ አወጡ። ራዲም ፈቃዱን ተነጠቀ፤ ምግብ ቤቱም የገና በዓል ሳይደርስ ታሸገ።